ከጎመኑ ሥር

ባለፈው ቅዳሜ ዓለም ባንክ ሰፈር በተከፈተ አንድ የሕፃናት ዕቃ መደብር ውስጥ፣ ሻጯ ልጅ ጥቁር ጋሪ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ክዳኑን ስባ ዘረጋችው። የጎማና የሸራ ሽታ ፊቴን መታኝ። እህቴ ስለ ፍሬኑ ስትጠይቅ፣ እኔ እንዴት እንዳደረግኩት ሳላውቅ እጄን ከክዳኑ ሥር አስገብቼ፣ መዳፌን ዘርግቼ ቆሜ ነበር። ማንም ባልተኛበት፣ ላስቲኩ እንኳን ባልተገፈፈለት አዲስ ጋሪ ውስጥ የሕፃን ትንፋሽ እየፈለግኩ ነበር።

“ምን ጠፋብሽ?” አለችኝ እህቴ።

“ምንም” አልኳት፤ እጄን ግን ቶሎ ማውጣት አልቻልኩም።

የእህቴ ልጅ ሁለተኛዋን ልትወልድ ቀርባለች። ትልቁ ልጅ ገና በደንብ ስላልሄደ ሁለቱን የሚችል ጋሪ ተፈልጎ፣ እህቴ “አንቺ ታውቂበታለሽ” ብላ እየጎተተች ነው ያመጣችኝ። መቼም እውነቷን ነው። በዕድሜዬ አንድ የሕፃን ጋሪ መርጫለሁ፤ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋሪ ባየሁ ቁጥር ዞሬ አልፋለሁ። በዚህ ዕድሜዋ ጋሪ ትፈራለች ብላችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም። ግን መጀመሪያ ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው የጃንሆይ ዘመን ሊያልቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ቤታችን ከኮልፌ ገበያ ቁልቁል ወረድ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ሰፈር ውስጥ ነበር። ክረምት ከክረምት ጭቃው ጫማ ነጥቆ ያስቀራል፤ በጋ ደግሞ አቧራው እስከ ቅንድብ ነው። ነፋሱ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል የመጣ ዕለት እናቴ እያጉረመረመች መስኮት ትዘጋለች። አባቴ የአንድ ፈረንጅ ቤተሰብ ሾፌር ነበር። እናቴ ጓሮአችንን ሙሉ ጎመን ተክላ፣ የተረፈንን ለገበያ ታወጣለች።

የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነኝ። ከእኔ ቀጥላ የተወለደችው በሦስት ሳምንቷ ሞተች። ክርስትና ሳትነሳ ስለሞተች ያለ ፍትሐት ተቀበረች፤ እናቴም በሰው ፊት አላለቀሰችም። እኔ ትንሽ ነበርኩ፣ ብዙውን አላስታውስም። ከእዚያ ቀን የቀረኝ ነገር ቢኖር አንዲት ሴት ከቤታችን ስትወጣ፣ “ዓይን ነው። ሳትጠመቅ ሰው አይቷት ነው” ማለቷ ነው። እናቴም ሰምታታለች። ከእዚያ ወዲህ እናቴ ጎረቤት በሩን ባንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ የምታየው እጁን ሳይሆን ዓይኑን ነበር።

ከዓመታት በኋላ ወንድሜ ተወለደ። እሱን የማዝለው እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን አስቀምጬ ጀርባዬን መስጠት ነው፤ የእኩዮቼን የገመድ ዝላይ ያየሁት ሁልጊዜ ቆሜ፣ ወንድሜን እያወዛወዝኩ ነው። እናቴ እንደገና ባረገዘችበት ክረምት፣ ወንድሜን አዝዬ ከቦኖ ውሃ ስመለስ ዳገቱ ላይ አዳለጠኝ። እኔ በግንባሬ ስደፋ እሱ ከላዬ ተንሸራቶ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ቅንድቡ ተሰነጠቀ። ዛሬም ጠባሳው አለ፤ ሲስቅ አብሮ ይነሳል። እናቴ አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝምም። ደሙን ብቻ ደጋግማ አጠበች፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ከእዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ ባዘልኩ ቁጥር ግድግዳና አጥር ይዤ መሄድ ጀመርኩ።

በጥቅምት ፈረንጆቹ አገራቸው ሊገቡ ዕቃቸውን ሸክፈው ጨረሱ። አባቴ አንድ ጠዋት “ልበሺ፣ አብረን እንሄዳለን” አለኝ። ግቢያቸው ውስጥ፣ በታጨደው ሣር ላይ ሁለት የሕፃን ጋሪዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ቀላል ነው፤ ግራጫ ሸራ፣ ትንንሽ ጎማ፣ እንደ ወንበር ተጣጥፎ የሚያዝ። ሌላው ጥቁር፣ ጥልቅ፣ ሕፃን ተዘርግቶ የሚተኛበት፣ ጎማው ጉልበቴ ድረስ የሚመጣ። ከላይ የሚዘረጋ ክዳን አለው፤ ከፊት ደግሞ በቁልፍ የሚያያዝ ወፍራም መሸፈኛ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ከሥር ያለውን የብረት ሞላ አየና “ባሌስትራ አለው እኮ!” አለ። ስለ መኪና ሲያወራ ብቻ የሚያበራው ፊቱ አበራ።

የፈረንጁ ሚስት ለመሰናበቻ አንዱን እንዲወስድ ነው የፈቀደችለት። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። “የምትገፊው አንቺ ነሽ። መንገዳችንን ታውቂዋለሽ። በይ ምረጪ።”

ከእዚያ በፊት ማንም ምረጪ ብሎኝ አያውቅም። ሁለቱንም በየተራ ጠጠሩ ላይ ገፋኋቸው። ግራጫው በየጠጠሩ ይሰናከላል፤ ጥቁሩ ያለ ችግር ይሄዳል፣ አንደኛው ጎማው ብቻ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ይላል። አባቴ ዓይኑን ግራጫው ላይ እንደጣለ አውቄያለሁ፤ ታጥፎ አውቶቡስ ይገባለታል። እኔ ግን “ጥቁሩ” አልኩ። ጎማው ትልቅ ስለሆነ ነው አልኩት። የሆዴ ሌላ ነበር። ጥቁሩ ሁለት ልጅ ይይዛል፤ ወንድሜንም የሚመጣውንም ከተትኳቸው ማለት ጀርባዬ አረፈ ማለት ነው። የመረጥኩት ለገዛ ጀርባዬ ነው። በኋላ ያ ሁሉ ፍርሃት ሲመጣ፣ ሥሩ ይቺ ነገር ነበረች።

አውቶቡስ አላስገባ ስላለን ያን ሁሉ መንገድ በእግር ገፋነው። ልጆች እየተከተሉ ሳቁብን፤ አባቴም አብሮ ሳቀ። ቤት ስንደርስ እናቴ ደጃፍ ላይ ሽንብራ ትለቅም ነበር። ጋሪውን ስታይ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

“ማነው የመረጠው?”

“ልጅሽ ናታ!” አለ አባቴ፣ ደስ ብሎት።

እናቴ እኔን አየችኝና ወደ ሽንብራዋ ተመለሰች። ነገሩን በቃል የተናገሩት እማማ ናቸው፤ የሰፈራችን አዋላጅ። ማታውኑ መጥተው ጋሪውን በሩቁ ዞሩት። “ምነው እናንተ? ልጅ ሳይመጣ መተኛ ይዘጋጃል? ባዶውን ቆሞ ማንን ሊጠራ ነው?” አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ደግሞስ ይሄ ሣጥን አይመስልም?” አሉ።

አባቴ “እማማ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው” ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። እኔ ግን ዓይኔን ከጋሪው መንቀል አቃተኝ። ጥቁር። ጥልቅ። ክዳን ያለው። ከሁለቱ መርጬ ወደ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ።

መመለስ አይቻልም፣ ፈረንጆቹ ሄደዋል። እማማ መላ ፈጠሩ፤ ባዶ ከሚቆም ሥራ ይሥራ አሉ። እናም ቅዳሜ ቅዳሜ የእናቴን ጎመን የምወስደው በጋሪው ሆነ። ወር ሳይሞላው ገበያው ሁሉ “የጋሪ ጎመን” ይለኝ ጀመር። ደንበኞች አፈራሁ። አንድም ቅዳሜ የማትቀር አንዲት ባለቅቤ ነበረች። እስላም ናት፤ ትልቅ፣ ወፍራም፣ ሳቋ ከገበያው ማዶ የሚሰማ። ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ ትቀመጣለች፤ እጇ፣ ነጠላዋ፣ ያለፈችበት አየር ሳይቀር ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሁልጊዜ ሁለት እስር ትወስዳለች፤ ሳትጠይቀኝ እጇን ሰዳ ደህናውን ትመርጣለች።

ልጅቷ በጥር ተወለደች። የእማማን እልልታ ስሰማ ጓሮ ጎመኑ መሐል ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ይዤ ነበር። ምጡ ከባድ ስለነበር እናቴ ብዙ ደም ፈሷት መነሳት አቃታት። አባቴ አዲስ ሥራ አግኝቶ በጅማ መንገድ ጭነት መኪና ይነዳ ስለነበር ብዙ ቀን አይገኝም። በር ተዘጋ፣ መጋረጃ ተጋረደ። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እስከዚያ ከቤተሰብና ከእማማ በቀር ማንም እንዳያያት እናቴ አስማለችኝ። ጋሪው ከአልጋዋ እግር ሥር ቆመ፤ ልጅቷ ግን እናቴ ጉያ ውስጥ ነው የምትተኛው። ወደ ጋሪው የሚያይ አልነበረም።

በአሥራ አምስተኛ ቀኗ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጡት አልይዝ አለች። ስትተነፍስ ደረቷ ሲር፣ ሲር ይላል፤ ከንፈሯ ጠርዙ ጠቁሯል። እማማ ጤና አዳም አፍንጫዋ ሥር ያዙላት፣ ጸሎት ደገሙ። እናቴ ግን ድንገት “ክሊኒክ ትሂድ” አለች። ከትራሷ ቀና ለማለት ሞክራ ወደቀች። እማማ አራሷን ጥለው መውጣት አይችሉም፤ ወንድሜም አለ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እኔን አዩኝ።

“አልታቀፋትም” አልኩ። “እጥላታለሁ።”

የወንድሜን ቅንድብ ማንም አላነሳም። እናቴ ወደ ጋሪው አመለከተች።

የጎመኑ ነገር የእማማ ሐሳብ ነው፤ እናቴም ተስማማች። ሕፃኗን በነጠላና በጋቢ ጠቅልለው ከታች አስተኟት። ክዳኑን ስበው ዘረጉ፣ የፊቱን መሸፈኛ እስከ መጨረሻው ቆለፉ፣ የቀረችውን ክፍተት በሌላ ነጠላ ጋረዱ፣ ከላይ ጎመን ደረደሩበት። ለሚያየኝ ሁሉ እንደ ወትሮው ገበያ የምሄድ ነኝ። እናቴ እጄን ጨመቀችው። “ክሊኒክ እስክትደርሺ እንዳትገልጫት። ፀሐይም ዓይንም እንዳያገኛት። እንደዚያችኛዋ እንዳትሆንብኝ።” እጇ እንደ ፍም ያቃጥላል።

ወጣሁ። ክሊኒኩ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ አቋራጩ ደግሞ ገበያውን ሰንጥቆ ያልፋል። ዳገቱን ስገፋ ሁለት ድምፅ ይሰማኛል። ጎማው ሲጢጥ ይላል፤ ከሥሩ የእህቴ ደረት ሲር ይላል። ሲጢጥ፣ ሲር። ሲጢጥ፣ ሲር። በልቤ “አትቁሚ፣ አትቁሚ” እላለሁ። ፀሐይዋ ጥቁሩን ሸራ አግላው እጄን ሳሳርፍበት ፈጀኝ። የጎመን ቅጠል ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ ከጎማው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ያቅለሸልሸኛል። ዛሬም ጎመን ሲቀቀል ወጥ ቤት መቆም አልወድም።

ገበያው አፍ ስደርስ ሰው እንደ ጉንዳን ነው። አህያ፣ ከሰል፣ ዶሮ የተሸከመ፣ በርበሬ የሚያስነጥሰው። አንዷ ሴት አስቆመችኝ፤ “ጎመኑ እንዴት ነው?”

“አይሸጥም።”

“ታዲያ ልታስጎበኚው ነው ያመጣሽው?” ብላ ሳቀች፤ አጠገቧ ያሉትም ሳቁ። እኔ አልፌያት ሄድኩ። ጥቂት እንደተራመድኩ አንድ ነገር ገባኝ። የምሰማው ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ብቻ ነው።

ቆምኩ። ጎማውም ዝም አለ። ጆሮዬን ሸራው ላይ መለጠፍ ፈለግኩ፤ ሰው ያየኛል። መግለጥ ፈለግኩ፤ ዓይን ያገኛታል። ካልገለጥኩ ሞታ ይሆናል፤ ከገለጥኩ እኔው በእጄ ልገድላት ነው። እናንተ አሁን ይሄን ስትሰሙ “ምን ያስጨንቃል፣ መግለጥ ነው” ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ያኔ ሁለቱንም እንደ እውነት ነው የማምነው። ክዳን ያለው ጥቁር ሣጥን መርጬ አምጥቼ፣ እህቴን ከትቼ፣ ገበያ መሐል አቁሜያታለሁ። ሽንቴ ሲያመልጠኝ ይሰማኛል።

ልክ በእዚህ መሐል አንድ ወፍራም እጅ ከጎኔ መጥቶ ከላይኛው እስር ላይ አረፈ። ቅቤ ሸተተኝ።

“አይንኩት!” ብዬ ጮህኩ።

ባለቅቤዋ እጇን ሰበሰበች። “ምን ሆነሻል አንቺ? አመድ መስለሻል እኮ።” እርጥብ ቀሚሴን አየች። ጋሪውን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ከጎመኑ ሥር ምንድነው?” አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። እንባዬ ነው የነገራት መሰለኝ። ሰፊ ጀርባዋን ለገበያተኛው ሰጥታ ከለለችንና፣ ጎመኑን ወደ ጎን ገፍታ ቁልፎቹን ፈለቀቀቻቸው። ከውስጥ እንደ ተከደነ ድስት የታፈነ ትኩስ አየር ወጣ። እህቴ በላብ ርሳለች፤ ፊቷ የጉበት ቀለም ይዟል፤ አትንቀሳቀስም።

“ያ አላህ! አየር፣ አየር ነሥታችሁ...” ብላ ብድግ አደረገቻት። ክንዷ ላይ በደረቷ ደፋ አድርጋ ጀርባዋን መታ መታ አደረገች፤ ገልብጣ የራሷን አፍ አፍንጫዋ ላይ ገጥማ ንፍጡን መጠጠችና መሬት ተፋችው። እንደገና መጠጠች። ከዚያ አንዲት ቀጭን፣ እንደ ድመት ግልገል ያለች ድምፅ ወጣች። አለቀሰች! በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

“አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ ልጅ” አለች፤ ለእኔ ይሁን ለእህቴ አላውቅም። ሕፃኗን ጡቶቿ መሐል በነጠላዋ ከልላ፣ ለጎረቤቷ “ቅቤዬን እይልኝ” ብላ ወደ አስፋልቱ መንገድ ጀመረች። እኔ ጎመን የተበታተነበት ጋሪ እየገፋሁ ከኋላ ሮጥኩ።

ክሊኒኩ ስንደርስ ሐኪም የሚተካው ድሬሰር መርፌ ወጋት፣ ጠብታ አደረገላት፣ እስከ ከሰዓት አቆየን። “ሳንባዋን ብርድ መትቷታል። ግን ማነው እንዲህ ያፈናት?” ብሎ ሲቆጣ ባለቅቤዋ ቀደመችኝ። “የፈራ ሰው ነው ዶክተር። ተወው” አለችው። ገበያዋ እያለፈባት ከአጠገቤ አልተነሳችም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን እህቴ እቅፏ ውስጥ ስትተኛ፣ ቅቤ ባራሰው ጣቷ ግንባሯን ትዳስሳት ነበር። እኔ ዓይኖቿን ሰርቄ እያየሁ፣ የትኛው እንደሚገድላት እመረምራለሁ። ጥቁር፣ ደከም ያሉ፣ ዙሪያቸው የተጨማደደ ዓይኖች ናቸው።

ስንመለስ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ቆመች። ልጅቷን መልሳ አስተኛቻት፤ ክዳኑን ግማሹን ብቻ ዘረጋች፣ ጎመኑን እግሯ በኩል ደረደረች።

“እናትሽ አራስ ናት፤ አትደንግጥ። እንዳሉሽ እንዳደረግሽ ንገሪያት።” ሁለት እስር አንስታ ብብቷ ሥር ከተተች። “እኔ ዛሬ ያየሁት ጎመን ብቻ ነው።”

ቤት ስገባ እናቴ እጇን ዘርግታ ትጠብቅ ነበር። ልጅቷን ተቀብላ አንገቷ ሥር ፊቷን ቀበረች፤ እዚያው ብዙ ቆየች።

“ማንም አላያትም?” አለች ቀና ሳትል።

“ማንም” አልኩ።

“ደግ አደረግሽ።”

በማግስቱ አባቴ ተመልሶ ድሬሰሩን ለቀሪው መርፌ ቤት ድረስ አመጣው። እማማ “የሐኪም ዓይን አይቆጠርም” ብለው ፈቀዱለት። ልጅቷ ጡት ያዘች፣ ደረቷም ዝም አለ። ሁሉም እፎይ ሲል እኔ ብቻዬን ፍርሃት ውስጥ ቀረሁ። ታይታለች እኮ! ገበያ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው እጅ ላይ። ሕመሙ ቢሄድ ዓይኑ ገና ይመጣል። ሲመጣም ማንም ምክንያቱን አያውቅም፣ ከእኔ በቀር። ክሊኒክ ያደረሳት እሱ ነው ተብሎ ልጅቷ አሁን ጋሪው ውስጥ ነበር የምትተኛው። በየቀኑ ጎህ ሲቀድ፣ እናቴ እንደተኛች፣ በባዶ እግሬ ሄጄ እጄን ከክዳኑ ሥር አስገባለሁ። መዳፌን አፏ አጠገብ ዘርግቼ እጠብቃለሁ። ያቺ ሞቅ ያለች ትንፋሽ ስትነካኝ ተመልሼ እተኛለሁ። እስከ ሰማንያኛው ቀን አንድም ጠዋት አላጎደልኩም።

የክርስትናው ዕለት ከቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዳሱ ሞልቷል። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻው የተሰናዳላቸው ቦታ አለ። እዚያ፣ የኮባ ጥቅልሏን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ባለቅቤዋ ተቀምጣለች። ማን እንደጠራት አላውቅም። የያዝኩት ሰሃን ከእጄ ሊወድቅ ነበር። አሁን ትናገራለች፤ “ያቺ የታመመችው ልጅ ዳነች?” ብትል አለቀልኝ። እናቴ ልጅቷን አቅፋ በእንግዶቹ መሐል መጣች። አያቶች አሉ፣ አክስቶች አሉ፣ የክርስትና እናት አለች። ሁሉንም አልፋ ባለቅቤዋ ዘንድ ቆመች።

“እስቲ መጀመሪያ እርስዎ ይቀፉልኝ” አለቻት።

ባለቅቤዋ ተቀበለቻት። “ማሻአላህ! ምንኛ ታምራለች! ዛሬ ገና ማየቴ እኮ ነው” አለች፣ ዳሱ እስኪሰማ። ግንባሯ ላይ እትፍ፣ እትፍ አለችባት። ወደ እኔ አንዴም አልዞረችም። እኔ ጓሮ ሄጄ ጎመኑ መሐል አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት እስሯን ትወስዳለች፤ ያን ቀን አንስተን አናውቅም። ጋሪው ወንድሜንና እህቴን አብሮ ጭኖ፣ እንደተመኘሁት ጀርባዬን አሳርፎ፣ በመጨረሻ ጎማው ወልቆ የዶሮ ቤት ሆነ። እኔም ትምህርቱ ያዘኝና ገበያ መውጣት ተውኩ። ዘመኑ ተለወጠ። ከዓመታት በኋላ ላመሰግናት ብሄድ ቦታዋ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። “ማንን ነው?” ብትለኝ የምላት አጣሁ። ስሟን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። የእህቴን ነፍስ በአፏ መልሳ የሰጠችኝን ሴት፣ ባለቅቤዋ ከማለት በቀር የምጠራበት የለኝም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናቴ ልታርፍ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት ራሷን ቅቤ ልቀባት ተቀምጬ ነበር። ፀጉሯ ሳስቶ የሕፃን ፀጉር መስሏል። ዓይኗን ጨፍና ሽታውን ሳበች።

“ያን ቀንም እንዲህ ነበር ስትሸት።”

“ማን እማዬ?”

“እህትሽ። ጎመን ጭነሽ ወስደሽ፣ ልጄን ቅቤ ቅቤ ስትሸት አመጣሽልኝ።”

እጄ ራሷ ላይ ቀረ። “አውቀሽ ነበር?”

“አፍንጫ የለኝም እንዴ? ኋላ ለክርስትናው ቅቤ ከማን ይገዛ ብዬ ሳስጠይቅ፣ ከአንቺ ጎመን የምትወስድ ባለቅቤ አለች አሉኝ። ያኔ ገባኝ። ጥሪ ላኩባት።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“ማንም ስትይኝ ድምፅሽ የራስሽ አልነበረም። ለእኔ ብለሽ እንደዋሸሽ አወቅኩ። እኔ ደግሞ አውቄያለሁ ብልሽ ይብስ ትፈሪያለሽ ብዬ ተውኩት። አንቺ ብቻ የፈራሽ ይመስልሻል። ጎህ ሲቀድ መጥተሽ እጅሽን ስታስገቢ ነቅቼ አይሻለሁ። አንቺ አውጥተሽ ስትተኚ፣ እኔ ደግሞ አስገባ ነበር።”

ይሄን ለእህቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ቅዳሜ ዕለት መደብሩ ውስጥ እጄ ከክዳኑ ሥር እንደቀረ ስታይ ጎንበስ አለችና የራሷን እጅ ከእጄ አጠገብ አስገባች።

“ፍራሹን ነው የምታዪው? ለስላሳ ነው” አለችኝ።

“አዎ” አልኳት። እጇ ሞቃት ነበር።